መልሱን የምይዘው እኔ ነበርኩ

የልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ለስብሰባ ጠራን። የፊዚክስ መምህሩ ተነስተው፣ ልጆቹ የመለማመጃ ጥያቄውን ሳይሠሩ መልሱን እያዩ ራሳቸውን እንደሚያታልሉ ነገሩን። ስለዚህ የመልሱን ወረቀት ወላጅ ይያዝ፣ ልጁ ሲጨርስ ወላጅ ያመሳክር፣ ፊደል ለማመሳከር ምሁር መሆን አያስፈልግም አሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ለእኔ ያሏት መሰለኝ። ያደግሁት ቆቃ ነው፤ ትምህርቴንም አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። በልጄ ትምህርት ውስጥ ለእኔ የሚሆን ሥራ ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጥያቄዎቹን ልጄ ከክፍሏ ልጆች ጋር አስባዝታ አመጣች። መልሱን ግን በእጇ እንዳይገባ ብዬ ራሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። የምታባዛው ልጅ ኮዱ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኮድ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከኋላዬ ተማሪዎች ቆመዋል፤ መጠየቅ አፈርኩና "የፊዚክሱን" አልኳት። ከክምሩ አንዱን መዝዛ ሰጠችኝ። አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም እዚያው ነበር።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። እኔ ከሆቴል አንሶላና የትራስ ልብስ እየተረከብኩ እቤት እተኩሳለሁ። እሷ በምተኩስበት ጠረጴዛ ሌላኛው ጫፍ ተቀምጣ ትሠራለች። ግቢው ውስጥ ባጃጅ የሚጠግኑት ጎረምሶች እንዳይረብሿት በሩን እዘጋለሁ። ነፋሱ አቧራ እንዳያመጣብኝ መስኮቱንም እዘጋለሁ። የአዳማ ሙቀት ላይ የካውያው ሙቀት ሲጨመር ቤቱ መተንፈሻ ያጣል፤ ላቧ ደብተሩ ላይ ጠብ ሲል አያለሁ፤ ግን አልከፍትም። ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ዓይኔ ይከተላታል። አባቷ ከባድ መኪና ነጂ ነው። ከሻሸመኔ ደውሎ ልጅቷን አታፍኛት፣ ትንሽ ትውጣ ሲለኝ፣ ውጭ ውጭውን የሚውል ሰው ምን ያውቃል አልኩ በሆዴ። ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ካለፉት የወደቁት ይበዙ ነበር። የአከራያችን ልጅ ወድቃ በእናቷ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላለች። የእኔ ብትወድቅ የምሰጣት ሱቅ እንኳ የለኝም፤ ሌላ ካውያ ገዝቼ ከጎኔ ማቆም ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጥያቄ ሠርታ ሰጠችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ወረቀቱን አወጣሁና ፊደሉን ከፊደሉ አስተያየሁ። የገጠመው አምስቱ ብቻ ነበር። ይቺ ልጅ በፊዚክስ የምትመሰገን ነበረች። ድገሚው አልኳት። ደገመችው፤ ያው ሆነ። አሁንም ድገሚው አልኳት።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እርሳሷን አስቀምጣ፣ "እማ፣ ይሄ የያዝሽው መልስ ልክ አይመስለኝም" አለችኝ።

"የታተመ ነው እኮ" አልኳት። "ከታተመው አንቺ ትበልጫለሽ?"

እርሳሷን መልሳ አነሳች። እኔም አንሶላዬን ገለበጥኩ።

ከዚያ በኋላ መሻሻል ጀመረች። ከአምስት ወደ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት። አንዱ ሳይገጥም ሲቀር "አይደለም" እላታለሁ፤ ሌላ ፊደል ትላለች፤ ሲገጥም "ጎሽ" እላለሁ። ከዚያ አጎንብሳ ወረቀቱን በቁጥር ትሞላዋለች። አንዳንዴ መልሱን መጀመሪያ ከታች ጽፋ ወደ ላይ ስትሠራ አይቻታለሁ። ፊዚክስ እንዲህ የሚሠራ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ወር መግቢያ ላይ ሃያውንም አገኘች። ለአባቷ ደወልኩለት፤ አየህ አልኩት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እንቅልፍ ይሆናል አልኩ።

ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስድስት ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝምታዋ ከበደኝና የምትሠራውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችኝ። አንድ ሺህ ዋት የሆነ ካውያ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ እኔ የማውቀው ነገር ሲገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

"ስንት ሆነ?" አልኳት።

"ሃያ። ሲ ነው።"

ሲ መሆኑን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱን ማውጣት አላስፈለገኝም። ሃያ የሚለው ግን አልዋጥልህ አለኝ። የያዝኩት ካውያ አንድ ሺህ ዋት ነው፤ እጀታው ሥር ተጽፎበታል። ቆጣሪያችን የካርድ ነው፤ መብራቱ ሥራ መሃል እንዳይጠፋብኝ ከመጀመሬ በፊትና ስጨርስ ቁጥሩን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩሼ ሁለት ከቀነሰ በዛ ነው። ሃያማ ቢበላ ሥራውን ድሮ በተውኩት።

"ሃያ አይሆንም" አልኳት። "ሁለት ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አዎ፣ ሁለት ነው" አለች።

"ታዲያ ለምን ሃያ አልሽ?"

"አንቺ የያዝሽው ሲ ስለሚል ነዋ።"

ካውያውን አቆምኩት። ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ወረቀቱ በላብ ለስልሷል። ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ ነካች፤ ከዚያ የራሷን ጥያቄ ገልብጣ አሳየችኝ። የእሷ ኮድ ሌላ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠየቅሁት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጥያቄው አንድ ዓይነት ሆኖ ቅደም ተከተሉ የተለያየ ነው አለችኝ፤ ልጆች እንዳይኮራረጁ።

ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌን ከፍቼ፣ እንደነገረችኝ ትዝ አለኝ። ያልኳትም ትዝ አለኝ።

ነጠላዬን ከመስቀያው ላይ አነሳሁ። ሮጬ ትክክለኛውን ላመጣ ነው፤ ኮዱንም አሁን አውቄዋለሁ። ወደ በሩ ስሄድ "አታምጪ" አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ትክክለኛውን እኮ ነው።"

"ሌላ ወረቀት ይዘሽ ልትቆሚብኝ ነው?" አለች። ቀጥላ ደብተሩን ወደ ራሷ እየሳበች፣ "መጀመሪያ ልክ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ኋላ ላይ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። አሁን የቱን እንደማውቅ የቱን ላንቺ ብዬ እንደሠራሁ አላውቅም" አለችኝ።

ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ያልኳት ግን ሻይ ላፍላልሽ ወይ ነው። አልፈልግም አለች።

ከዚያ በኋላ በሩን ከፈትኩላት፤ የጎረምሶቹ ጩኸት ረበሸኝ ብላ ራሷ ዘጋችው። ስልኳንም ሰጠኋት፤ አልከፈተችውም። ልውጣልሽ ብላት አንሶላው የት ሊተኮስ ነው አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ሌላ ጠረጴዛ የለንም። በነጋታው ከአንደኛው ጥያቄ ጀመረች። እኔ በዚህ ጫፍ፣ እሷ በዚያ ጫፍ ሆነን አምስት ቀን ዋልን። እሷን ላለማየት ጨርቁ ላይ አፍጥጬ የተኮስኩትን ደግሜ ተኮስኩ።

ወደ ፈተናው ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ማታ ሻንጣዋን ልናዘጋጅ ነው፣ ከሰዓት አንድ ረጅም ጥያቄ ይዛ ብዙ ቆየች። ሦስት ገጽ ሞላች። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ጽፋ አሰመረችበትና ቀና ብላ አየችኝ። ልማድ ሆኖባት ነው፤ ጎሽ ወይም አይደለም እስክላት የምትጠብቅ ዓይን ነበር። ልክ ነው ልላት ፈለግሁ። ግን ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቄ? አይደለም ማለትም አልችልም። ዓይኔን ወደ ትራስ ልብሱ መለስኩ፤ ማየቷን ግን አላቆመችም።

ትንሽ ቆይታ ላጲሱን አነሳችና የመጨረሻውን መስመር አጠፋችው። ቀጥሎ ከሱ በላይ ያለውን፣ ቀጥሎ ገጹን ሁሉ። ያጠፋችው ልክ የነበረውን ይሁን ስህተቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።