ከበሩ እስከ ዳቦ ቤቱ በውሃ

አጎቴ መካኒክ ነው። ሠፈርተኛው «እስቲ ልየው» ይለዋል። ደንበኛ «ፍሬኑ አስቸግሮኛል» ሲለው እስቲ ልየው፤ ሚስቱ «ጨው በቅቶታል» ስትለው እስቲ ልየው። ሰው ከማለ ደግሞ ይብሱን ይጠረጥራል።

እሁድ ጠዋት ልጁ ደወለችለት። የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ባሏ የፊዚክስ መምህር ነው።

«አባዬ፣ ባሌ ከውሃ ጋዝ አወጣሁ፣ መኪናችን ያለ ቤንዚን ይሄዳል ይላል። መኪና ሁሉ ወደ ጋዝ ልቀይር ብሎ የሥራ መልቀቂያ ጽፏል። ነገ ያስገባል።»

አጎቴ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የገባበት ክዳናም ባልዲ ይንፈቀፈቃል። ከክዳኑ የወጣው ቀጭን የጎማ ቱቦ በመስኮት አልፎ፣ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይነፋል።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚነፋው?»

«ከትናንት ጠዋት፣ አባባ።»

«በአፌ ብነፋው ከቁርስ በፊት እጨርስ ነበር።»

«የእርስዎ ትንፋሽ መኪና አይነዳም።»

«ይኸኛውስ ለመንዳቱ ማን አየ?»

አጎቴ የመኪናውን የቤንዚን መስመር ፈታና ጫፉን ደፈነው። በመስመሩ የቀረችውን ጠብታ ሳይቀር አፈሰሰ። ወንበር አንሥቶ የተደበቀ ጠርሙስ ፈለገ። ሞተሩን እንደ ውሻ አሸተተው።

«ሌባ መሰልኩዎት?» አለ መምህሩ።

«ሌባማ ብትሆን ይሻል ነበር። ሌባ ነገ ሥራውን አይለቅም።»

ላስቲኩን መኪናው ጣሪያ ላይ አስረው ቱቦውን ከሞተሩ አገናኙ። ሁለቱም ገቡና መምህሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። አጎቴ ወርዶ እጁን ጭስ ማውጫው ላይ ቢይዝ እርጥብ እንፋሎት እንጂ የቤንዚን ሽታ የለም። ፊቱ ተለወጠ። መልሶ ገባና በሩን ዘጋ።

ከግቢው ወጡ። የአናጢውን ቤት አለፉ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፋ። ባዶው ላስቲክ መስታወቱ ላይ ተንጠለጠለ።

«እውነትህን ነው» አለ አጎቴ፣ ቅር እንዳለው ሰው። «ትምህርት ቤትህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው ለነገ ጠዋት ካለፈው ክረምት ጀምረህ መንፋት ነበረብህ።»

«ባልዲውን አተልቀዋለሁ።»

«የሚጠጣው መብራትም አብሮ ይተልቃል። እሱን መብራት በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብትከተው ስንት እጥፍ በነዳህ።»

«ጋዙን በሲሊንደር ካመቅኩትስ?»

«የት? ልጄ የምትተኛበት ቤት?»

መምህሩ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወርዶ መግፋት ጀመረ፤ አጎቴም ከኋላ ገፋ።

ልጅቷ ግቢው በር ላይ ቆማለች። መምህሩ ቀና ብሎ ሳያያት ከኮቱ ኪስ የታጠፈውን መልቀቂያ አውጥቶ ለአማቱ ሰጠ። አጎቴ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበው።

«ቅጂ አለው?»

«የለውም።»

አጎቴ ልጁን አያት። እሷ ባሏን አየችው። መምህሩ ወደ ቤት ገባና፣ ከፊዚክስ መጽሐፉ መሐል ሁለተኛውን ቅጂ ይዞ ወጣ።