የማላውቀው ሹፌር ወንበር

እሪ በከንቱ በሚባለው ሰፈር ቁልቁለት ላይ ባለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ቱታ ወረወረልኝና «አንተ የፍሬን ሰው ነህ። ፍሬን ላይ ዋዛ የለም» አለኝ። ዘመኑ ደርግ ነበር። ጋራዡ ተወርሶ ነበር፤ አለቃዬም «ጓድ» ካልተባለ ይቆጣል።

አንድ የጣሊያን የጭነት መኪና አስቸገረኝ። የፍሬን ሸራውን ቀይሬ እሰደዋለሁ፤ ከአንድ ጉዞ በኋላ አርሮ ይመለሳል። የሚነዱት ጋሽ ተሰማ ደግሞ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘላቸው የሚወርዱ፣ ፍሬን የሚሰስቱ ሰው ናቸው። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ መኪናውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ እንዴ?»

«እንዴታ! አልሰማህም?» ብለው አጫወቱኝ።

ድንበር ላይ ባለ ተራራ ጣሊያን በሠራው የድሮ መንገድ የእኛና የጎረቤት አገር ይጣላሉ። ድንበሩ እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው ሲባባሉ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ጨው ግን ሁሉም ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናው ያልፋል፣ ሹፌር አያልፍም። ተራራው አናት ላይ እሳቸው ይወርዳሉ፣ የወዲያኛው ሹፌር ይወጣል። የድንበሩ ጠባቂ ወታደሮች እንኳን ወሬ ሰላምታም አይፈቅዱም። ሰውየው ጭነቱን አራግፎ እስኪመለስ ጋሽ ተሰማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«እሱ ያሳረረውን ፍሬን ይዤ ነው በወዲህ በኩል የምወርደው» አሉኝ። «አንድ ቀን ገደል መግባቴ አይቀርም። ልጆቼን ሳስብ እፈራለሁ።»

ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። የሹፌሩ ወንበር ላይ የታጠፈ ጆንያ አገኘሁ። «የእኔ አይደለም» አሉ። ጆንያውን ከጀርባዬ አድርጌ ስቀመጥ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ያኔ ገባኝ፤ ሰውየው አጭር ነው! ወንበሩ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ወደፊት አይቀርብለትም። በጆንያ ቢደገፍም እግሩ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ አይረግጥም፤ ስለዚህ ማርሽ መለወጥ ትቶ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ምን ያድርግ ምስኪን!

ወንበሩ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እንዲሄድ ላደርገው ተነሣሁ። አለቃዬ ጮኸብኝ።

«ለወዲያኛው ወገን ወንበር? ልታሳስረን ነው?»

«ጓድ፣ ጋሽ ተሰማ ገደል ቢገቡ ማን ሊጠየቅ ነው? እኛው አይደለንም?»

አለቃዬ «እኔ አላየሁም» ብሎ ወጣ። ብየዳውን ጨርሼ መኪናውን ላክሁት።

መኪናው ሲመለስ ጎማውን ፈታሁ። ሸራው አላረረም። ተመስገን!

«ሰውየው ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምን ይላል? አፍ መክፈት ክልክል ነው። ብቻ መኪናውን ሲመልስልኝ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ፣ በእኔ ቁመት ልክ አድርጎ ነው የወረደው።»

ለሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ነው፤ ፍሬን ከመፍታትህ በፊት ማን እንደሚረግጠው ጠይቅ።