ከድንጋይ አልላቀቅ ያለው ገንዳ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ የጎረቤቴ የደሳለኝ አክስት የሺ ናት። ሚስቱ ሙሉ፣ ወልድያ ሥራ ይዛ ከቀረች ቆይታለች። «ተዘርግቼ የምታጠብበት ገንዳ ይዘህ ና፤ ያኔ በሬን እከፍትልሃለሁ» አለችው አሉ።

የሚገዛበት አቅም የለውማ፣ በፋይበር ግላስ ራሱ ሠርቶ በአይሱዙ ሊወስድላት ተነሣ። ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ የፋይበር ግላሱን ጨርቅ፣ ስሱንና ወፍራሙን ቢያሳየው ወፍራሙን መረጠ፤ ሙጫና ማድረቂያም ያዘ። ለቅርጹ ግቢው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ገንዳ አስመስሎ ፈለፈለ፤ ጨርቁ እዚያ ውስጥ ተለጥፎ ሲደርቅ ገንዳ ሆኖ ሊወጣለት ነው።

«ምነው ቅርጹን ከጭቃ ብትሠራው?» ስለው፣ «እኛ አገር ቅርጽ የሚወጣው እንደ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ድንጋይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ነው» አለኝ።

ርዝመቱን የለካው በሚስቱ በሙሉ አሮጌ ቀሚስ ነው። በአጥር አይቼዋለሁ፤ ለክቶ ሲያበቃ ቀሚሱን አሸተተው።

ጨርቁን እየደረበ፣ ሙጫውን እየቀባ ሰነበተ። ሲደርቅ ጎረምሶች ጠርተን በገመድ ብንጎትተው፣ ወይ ፍንክች!

«አንተ፣ እንዳይጣበቅ ድንጋዩን ሰም አልቀባኸውም?» አልሁት።

«ነጋዴው ‹ቀባበት› ብሎ ሰሙን ሰጥቶኝ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ የት አደረስኸው?»

«ሙሉን መልስልኝ ብዬ ለነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲሆን አስገባሁት።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥሁት።

ወሬው ወልድያ ደረሰና ሙሉ ራሷ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሙና ይዛ ከተፍ አለች። እሱ በጄሪካን ውሃ አመላለሰ፤ እሷ እዚያው ድንጋዩ ላይ ባለው ገንዳ ገብታ ተዘረጋች። «ልኬ ነው እኮ!» ስትል ሰማኋት። ፀጉሯ ሳይደርቅ በከሰዓቱ ሚኒባስ ወደ ወልድያ ተመለሰች።

ሙሉ ወልድያ ናት። ደሳለኝ እዚሁ ነው፤ የታጠበችበትን ውሃ እስካሁን አልደፋውም።