የአጎቴ ፍሬን

ቀኑ መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ከጅቡቲ የገዛኋትን ፒካፕ የኮምቦልቻ ጉምሩክ የለቀቀልኝ ዕለት ነው። ደስታው ሊያሳብደኝ! ግን ዕድሜዬ ገፍቶ መንዳት ገና መልመዴ ነበርና የደሴ ዳገት አስፈራኝ። አጎቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ጎኔ ተቀምጠው "ቢስሚላህ በልና ንዳት!" አሉኝ። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ፣ መኪና በተሳፈሩ ቁጥር እንደሚያደርጉት፣ ወለሉን በእግራቸው ጥብቅ አድርገው ረገጡ።

"አጎቴ፣ ፍሬኑ እኮ እኔ ጋ ነው!"

"ታዲያ ብቻህን ልትይዛት ነው? ሁለት ሆነን እንያዛት እንጂ!"

እየሳቅን ደሴ ገባን። ከዚያም ወዲህ በየጉዞው ሲረግጡ በሳቸው በኩል ያለውን ምንጣፍ በሱት። ዛሬ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምንጣፉን ግን አላስቀይርም። ጠመዝማዛው ጋ ስደርስ ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል። ያን ዳገት ያወጡኝ አጎቴ ናቸው።