ሮዝዌል ላይ የሞላሁት ጠመንጃ

ሥራዬ ሰው መንከባከብ ነው። ከክላርክስተን ሮዝዌል ድረስ እየነዳሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ዘንድ እሄዳለሁ። መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ ሻወር ሲገቡ በሩ ላይ እቆማለሁ። ጠመንጃ መሙላት ግን ኤጀንሲው ሲቀጥረኝ ከነገረኝ ሥራ ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን ሊሞሉ ሲታገሉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ “አምጡት እስቲ” አልኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

ቤዝመንታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ የአየር ጠመንጃዎች ናቸው። ባሩድ የለ፣ እሳት የለ፣ የታመቀ አየር ብቻ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ጦር ሜዳ ይወጡ እንደነበር፣ መኳንንቱም አጋዘንና የዱር አሳማ ያድኑባቸው እንደነበር ነግረውኛል። ጭስ ስለሌለው ተኳሹ የት እንዳደፈጠ አይታወቅም። ስለዚህ ይህን መሣሪያ ይዞ የተማረከ ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ ይሰቀል ነበር ይባላል አሉኝ። የጥንቶቹ ብረታቸው ስላረጀ አየር ቢሞላባቸው ይፈነዳሉ። እኛ የምንሞላው በእነሱ አምሳል የተሠራ አዲስ ነው። ሰደፉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ነው፤ እሱን ፈትቶ ረጅም ፖምፓ ላይ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወገብ እስኪቆረጥ መጫን ነው። ጠዋት የጀመርነው ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ለምን እንደማይሰለቸኝ አልነገርኳቸውም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሴ ውስጥ ለጥምቀት ሜዳ ወጥቶ በአየር ጠመንጃ ኢላማ ያስተኩስ ነበር። ጣውላ ላይ ከረሜላና ማስቲካ ይደረድራል፣ የመታ ይወስዳል። እናትና አባት ስላልነበሩን እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው፣ በዚያችው ጠመንጃ። ጎረምሳው ሁሉ ሲስት ትንፋሽህን ያዝ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል ይል ነበር። ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ ሰንብቶ ነበር። ስደውል ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ ይለኝ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ጭራሽ አያነሳም ነበር።

መርዶው የመጣ ዕለት ፖምፓው ላይ ነበርኩ። ሥራ ስገባ ስልኬን ስለማጠፋ፣ የአገሬ ልጅ የሆነችው ጎረቤቴ ለክፉ ቀን በሰጠኋት ቁጥር የደወለችው ለሽማግሌው ነው። በእኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ አዛውንት ተጠርቶ፣ በማለዳ ነው። እሷም ወሬው ከደሴ ደርሷት፣ በነጋታው ሊያረዱኝ ተዘጋጅተው ስለነበር፣ ዛሬ በጊዜ ይልቀቋት ልትል ነበር የደወለችው። ምክንያቱን ሲጠይቋት ግራ ገባትና እውነቱን ተናገረች፣ ከዚያ አደራ እንዳይነግሯት አለች። ለአሜሪካዊ! እኔ እንኳን ብሆን ይህን አደራ አልሰጣቸውም።

ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

“ወንድምሽ ሞቷል። እንዳልነግርሽ ለምነውኛል፤ ግን እያወቅኩ ስትለፊ ተቀምጬ ማየት አልችልም።”

ኦኬ አልኩ። ወደ ፖምፓዬም ተመለስኩ። አቁሚ አሉኝ፣ አላቆምኩም። ጅምር ሥራ አልወድም። ሲሞላ ሰደፉን ጠመንጃው ላይ ገጠምኩት፣ እጄን ታጠብኩ፣ የመድኃኒታቸውን ሰዓት አስታውሻቸው ወጣሁ። ሃይዌዩ ተጨናንቆ ነበር። መስመር ስቀይር ፍሬቻ እንኳን አልረሳሁም። ምንም አልተሰማኝም።

ፓርክ አድርጌ ስወርድ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወጥ በዝቶብኛል፣ ነይ ብዪልኝ አለች። ገባኝ፤ መርዶ የሚነገረውን ሰው አጥግቦ ማሳደር ነው። ዓይኔን እየሸሸች ስታጎርሰኝ አሳዘነችኝ። ዐውቄያለሁ ብላት እኮ ያልቅ ነበር። ግን ስንቱን ሰው ከሥራ አስቀርታለች፣ አዛውንቶቹን ከአቮንዴል እስቴትስ የሚያመጣ መኪና ሳይቀር አዘጋጅታለች። ልነግራት አንጀቴ እምቢ አለኝ። በላሁ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሱንም አልነገርኳትም።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከፊታቸው አዛውንቶቹ። አንደኛው ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ወንድምሽ ዐርፏል አሉኝ። የሚጠበቅብኝን ዐውቃለሁና ጮህኩ። ሴቶቹ ራሷን ትጥላለች ብለው ወገቤን ያዙኝ። እኔ በሆዴ ኧረ ልቀቁኝ፣ የትም አልሄድ እላለሁ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ የማያውቁት ሁሉ አለቀሱለት። እኔ ወንበር መጉደሉን አያለሁ። ያሳደገኝን ሰው ሳላለቅስለት ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

ሥራ ስመለስ ሽማግሌው ቤዝመንት ይዘውኝ ወረዱ። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንቺ የሞላሽው አየር ነው፣ አልነካሁትም አሉኝ። የእርሳስ ጥይቶቹን ጎኑ ላይ ባለው ቱቦ ከተትኩና ማዶ የቆመው ሳንቃ ላይ አነጣጠርኩ። ወንድሜ ይል እንደነበረው ትንፋሼን ያዝኩ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ሻማ እፍ እንደማለት። ሳንቃው ተበሳ። ደግሜ ተኮስኩ፣ ቱቦው ባዶ ሲሆን ጥይት ጨምሬ ደግሜ። እየቆየ አየሩ ደከመ። ጥይቱ መብሳቱን ትቶ ሳንቃውን መታ እያደረገ ይወድቅ ጀመር። የመጨረሻው ጭራሽ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ትንሽ ተንከባልሎ ቆመ።

ሽማግሌው አለቀ፣ እንደገና እንሙላው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

“ወንድሜ እኮ ሞተ” አልኳቸው፣ መጀመሪያ የነገሩኝ እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ። ከአፌ የወጣው በአማርኛ ነው። ከዚያ ጠመንጃውን እንደታቀፍኩ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ወንድሜን አለቀስኩት።