ሳቫና ወደብ ላይ ያየሁት ፔሊካን

ዛሬ ከባሕር ሩቅ በሆነችው ከተማችን ሎረንስቪል፣ ገበያው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ነጫጭ የባሕር ወፎች አስፋልቱ ላይ ሰፍረው አየሁና ያ የድሮ ቅናት መጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በዊንተር ብርድ፣ አባባ እኔንና ታላቅ እህቴን ወፍ ሊያሳየን ሳቫና ወደብ ወሰደን። ያለንን አንድ የርቀት መነጽር እሷ አንገት ላይ አጠለቀው። «ዓይን ከተባለ የእሷ ነው!» አለ። እኔ ጨውና ናፍጣ የሚሸት ነፋስ ዓይኔን እያስነባው ከጎኗ ቆምኩ። ድንገት አንድ ፔሊካን፣ ያ መንቆሩ ከረጢት ያለው ትልቅ ወፍ፣ ክንፉን አጥፎ ባሕሩ ውስጥ ሲወረወር አየሁ።

«አባባ፣ ፔሊካን!» ብዬ ጮኽኩ።

እሱ ግን ወደ እህቴ ዞሮ፣ «እውነቷን ነው?» አላት።

ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ገብቼ ለአባባ ደወልኩለት። «አባባ፣ የባሕር ወፎች እኛ ሰፈር መጥተዋል» አልኩት።

ድምፁ በደስታ ሞቀ። «ውይ! ለእህትሽ ነገርሻት?»