የእትዬ ብርቄን ዳጣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ይህን ፊት ለፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቸርች ውስጥ «የሚመሰክር አለ?» ሲባል እንኳ ጫማዬን ነው የማየው። ለእናንተ ለማታውቁኝ ግን ልናገር፤ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት በሁለት ቃል ነው፦ «ማስታወቂያ ነው»።

የሶዶ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ ኢንተርኔት ላይ ማንም በነፃ የሚጽፍበት ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ገባሁ። አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ የማይረባውን «ይሰረዝ» እላለሁ። «ይሰረዝ» ማለት እንዴት እንደሚጥም አልደብቃችሁም። ቤታችን ድመቷ እንኳ አትሰማኝም፤ እዚያ ግን አንድ ሆቴል ከነመዋኛው በአንድ ጣቴ አፍርሻለሁ።

ስለ ድርጅት ገጽ ያለው ሕግ አጭር ነው። ከድርጅቱ ጋር ምንም የማይነካካው ሰው ሰፋ አድርጎ ካልጻፈለት ገጽ አይገባውም። ይህ ገለልተኛ ምንጭ ይባላል። ባለቤቱ ስለ ራሱ ቢምል ቢገዘት አይቆጠርም።

ዓምና አንድ ቀን «ብርቄ ዳጣ» የሚል ገጽ መጣ። ዳጣ ማለት እኛ አገር ክትፎውም፣ ቦየና የምንለው ቅቅል ሥራሥርም ያለ እሱ የማይወርድ፣ በእርጥቡ የተፈጨ በርበሬ ነው። ድርጅቱ ያለው ሻንቶ የምትባል የወላይታ ከተማ ነው፤ አንድ ወፍጮ፣ አራት ሴቶች፣ አንድ ማኅተም። ባለቤቷን እትዬ ብርቄን አውቃቸዋለሁ። ሁለት ወር ብልቃጥ ላይ ወረቀት ለጥፌላቸዋለሁ። አንድ ቀን ለደንበኛ «ነጭ ሽንኩርቱ አንሷል» ብዬ ብናገር አባረሩኝ።

«ልጄ፣ አፍሽ ከዳጣዬ ይብሳል! በዳጣዬ የሚቃጠለው ከፍሎ ነው፤ አንቺ ግን በነፃ ታቃጥያለሽ!» አሉኝ፣ ሴቶቹ ሁሉ ፊት። ሳቁብኝ። ወፍጮው ራሱ የሳቀ መሰለኝ።

ከገጹ ሥር አንድ ምንጭ ነበር። የቢጠና ከተማ አንድ መምህር፣ ለእትዬ ብርቄ ዘመድ ያልሆነ፣ በወላይትኛ መጽሔት ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎላቸዋል። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ነጭ ሽንኩርቱ ልክ ነው» ይላል። ልክ ነው! ደሜ ፈላ።

አብሮኝ የሚወስነው አዲስ አበባ ያለ፣ «ሚዛን» በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ነው። ወላይትኛ አያውቅም። «እህቴ፣ ይሄ ምንድነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ፣ እናቴ በወላይትኛ እየተቆጣች ያሳደገችኝ፣ «ማስታወቂያ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ተሰረዘ።

አልገባኝም ነበር ልበል? ገብቶኛል። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ወላይትኛ ማንበቡን እንጃ። ያነበብኩት እኔ። የዋሸሁት እኔ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ብርቄ ብልቃጥ ይዘው ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ኢንተርኔት ታውቂያለሽ። አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ዳጣዬን ሊወስድ ነበር። ገጻችንን ላሳየው ስል የለም። ሰውዬው ‹ማዘር፣ ድርጅቱ በርግጥ አለ?› አለኝ። ካልተረጋገጠ አልወስድም አለ።» ክንዳቸውን ቆንጠጥ አደረጉ። «አለሁ አይደል እንዴ?»

እናቴ ቦየና አቀረበች። በዳጣቸው በላሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ልክ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለች እናቴ።

«ዳጣው ነው» አልኩ። ሌላ ውሸት።

እትዬ ብርቄን መናኸሪያ ሸኝቼ ስመለስ ለሚዛን ጻፍኩለት፦ «ማስታወቂያ አይደለም። ቂም ይዤ ዋሸሁህ።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ምንጭ?»

ምንጩ እኔ ነኝ! ግን ገለልተኛ አይደለሁም። አሁን ወላይትኛ የሚያነብ፣ ከእኔም ከዳጣውም የማይነካካ ሰው አምጪ ተብያለሁ። ሶዶን አሰስኩ። ሰዉ ሁሉ ወይ ዘመዴ ነው፣ ወይ ዳጣውን በልቷል።

እናንተ «ይቅር ብለንሻል» አትበሉኝ፤ ገለልተኛ ናችሁ። ለምስክር ትሆናላችሁ፣ ለይቅርታ አትሆኑም። ይህን የምጽፈው የሻንቶ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። እትዬ ብርቄ ወፍጮው ጋ ናቸው፤ ሴቶቹም አሉ። እዚያው፣ እነሱ ፊት እናገራለሁ። አፌ ከዳጣቸው የሚብስ ከሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔን ያቃጥል።